የጋራ ሀብት ጠባቂ አስቀድሞ ይማር

በላስታ ምድር ከዐለት የተፈለፈሉትን የላሊበላን አሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ሁሉ የጠቢባኑን እጅ ያደንቃል። ነገር ግን ከእጃቸው ይልቅ የሚደነቀው አስተዋይነታቸው ነው። ድንጋይ ደርድሮ ቤት የሚሠራ ግንበኛ አንዱን ድንጋይ ቢያጣምም አፍርሶ እንደ ገና ሊያቀናው ይችላል፤ ዐለት የሚፈለፍል ጠቢብ ግን መሮው አንድ ጊዜ ከሳተ የተቈረጠውን መልሶ ሊቀጥለው አይችልም። ስለዚህ ምሰሶው የሚቀርበትን ስፍራ፣ መስኮቱ የሚከፈትበትን ወገን፣ የዝናሙ ውሃ የሚወርድበትን ቦይ አስቀድሞ በልቡ ሳይለካ መሮውን ሊያነሣ አይገባውም ነበር። እንዲህ ባለ ሥራ ትምህርት ከሥራው ይቀድማል እንጂ ሥራው ከተበላሸ በኋላ አይፈለግም።

የብዙ ሰው ገንዘብና ንብረት በጥቂት ሰዎች እጅ በአደራ ሲቀመጥም ነገሩ ከዚህ አይለይም። ያለ ምክር የተፈረመ ውል፣ ያለ መዝገብ የወጣ ዕቃ፣ ያለ ምርመራ የጸደቀ ሒሳብ እንደ ሳተ መሮ ነው፤ ጥፋቱ ከታየ በኋላ የሚሰበሰብ ጉባኤ ሊያዝን ይችላል እንጂ የጠፋውን በቀላሉ ሊመልስ አይችልም። ከገንዘቡም ይልቅ የሕዝብ እምነት ሲቈረጥ መልሶ መቀጠሉ የበለጠ ያስቸግራል። ስለዚህ በኩባንያ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበርና በሰበካ ጉባኤ የሚመረጡና የሚቀጠሩ ሰዎች ለአስተዳደሩ ሥራ የተለየ ትምህርት ያስፈልጋቸዋል ወይስ ታማኝነታቸው ብቻ ይበቃል የሚለው ነገር ዛሬ ሹማምንትም ካህናትም ሊመክሩበት የሚገባ ጥያቄ ሆኗል።

ጥያቄው ዛሬ የተነሣበት ምክንያት ግልጥ ነው። በኢትዮጵያ ባለፉት ጥቂት ዓመታት የብዙ ሰው ሀብት በአንድነት የሚሠራበት ሕግ እጅግ ተስፋፍቷል። በ1952 ዓ.ም በወጣው የንግድ ሕግ ውስጥ ስለ ነጋዴዎችና ስለ ንግድ ማኅበሮች የተጻፈው ክፍል ስድሳ ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ በ2013 ዓ.ም በዐዋጅ ቍጥር 1243 በአዲስ ተተክቷል፤ አዲሱም ሕግ የኩባንያ ዲሬክተሮች ሊኖራቸው ስለሚገባው ታማኝነትና ትጋት ከቀድሞው በሰፋ አኳኋን ደንግጓል። በዚያው ዓመት በዐዋጅ ቍጥር 1248 የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን እንዲቋቋም ተወሰነ። ብሔራዊ ባንክም ስለ ባንኮች አስተዳደር ያወጣውን መመሪያ በ2016 ዓ.ም አሻሻለ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻ ለሕዝብ ሽያጭ ቀርቦ ብዙ ሺህ ሰዎች ገዝተዋል።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ሰው ብቻ የሚነገር ወሬ አይደለም። ከእንግዲህ ወዲህ በላስታ ተራራ ላይ የሚያስተምር አንድ የትምህርት ቤት መምህር ከደመወዙ ቆጥቦ አይቶት የማያውቀውን ኩባንያ ድርሻ ሊገዛ ይችላል። ገንዘቡን የሚሰጠው በአካል ለማያውቃቸው ሰዎች ነውና ዋስትናው የሰዎቹ መልክ ሳይሆን የሚተዳደሩበት ሥርዓት ነው። ሥርዓት ደግሞ በወረቀት ላይ ቢጻፍ እንኳ የሚያውቀውና የሚሠራበት ሰው ከሌለ እንደ ተዘጋ መጽሐፍ ይሆናል።

የማኅበር አስተዳደር ቢመረመር መሠረቱ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ባለቤቱ ነው፤ ይኸውም በኩባንያ የባለአክሲዮኖች ጉባኤ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ ይባላል። ሁለተኛው ባለቤቱ የሚመርጠው ቦርድ ወይም ኮሚቴ ነው፤ ሥራውም መንገዱን ማሳየት፣ ሥራ አስኪያጁን መሾምና መቈጣጠር ነው። ሦስተኛው ሥራ አስኪያጁና ከእርሱ በታች ያሉት ሠራተኞች ናቸው፤ ሥራቸውም የታዘዘውን መፈጸምና የፈጸሙትን በሒሳብ ማስረዳት ነው። ከሦስቱ ውጭ ደግሞ ለማንም ሳያደላ የሚያይ ዐይን ያስፈልጋል፤ እርሱም የሒሳብ መርማሪው ወይም የቍጥጥር ኮሚቴው ነው።

ስሕተት የሚጀምረው እነዚህ ሲቀላቀሉ ነው። ሊቀ መንበሩ ሥራ አስኪያጁን ትቶ ራሱ ገበያ ወጥቶ ዕቃ ሲገዛ፣ ሥራ አስኪያጁ ሊቈጣጠሩት የተመረጡትን ሰዎች በአበልና በግብዣ ሲያስደስት፣ ጠቅላላ ጉባኤውም በዓመት አንድ ቀን ተሰብስቦ ያልተረዳውን ሒሳብ በጭብጨባ ሲያጸድቅ፣ ያን ጊዜ ሕጉ ሳይሻር ሥራው ይሻራል። ብዙውን ጊዜም ይህ የሚሆነው ሰዎቹ ክፉዎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ የሥራቸው ድንበር ከየት እስከ የት እንደ ሆነ የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነው። ድንበሩን የማያውቅ ገበሬ ሳይሰርቅ የባልንጀራውን መሬት ሊያርስ ይችላል።

ይህ ችግር በኢትዮጵያ ብቻ የተገኘ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ታላላቅ ኩባንያዎች ሒሳባቸው ደኅና መስሎ ሳለ በድንገት ስለ ወደቁ ሰር አድሪያን ካድበሪ የመሩት ጉባኤ ነገሩን መርምሮ በ1985 ዓ.ም ምክሩን አውጥቷል። ከምክሮቹም ዋነኛው አንድ ሰው ሊቀ መንበርም ሥራ አስኪያጅም ሆኖ ሥልጣኑን ሁሉ በእጁ እንዳይሰበስብ፣ ሒሳቡንም በኩባንያው የዕለት ሥራ የሌሉበት የቦርድ አባላት እንዲያዩት የሚል ነው። በደቡብ አፍሪካም በዳኝነት ያገለገሉት ሜርቪን ኪንግ የመሩት ጉባኤ በ1987 ዓ.ም ባወጣው ጽሑፍ ኩባንያ ለባለአክሲዮኖቹ ብቻ ሳይሆን ለሠራተኞቹና በዙሪያው ላለው ሕዝብ ጭምር ማሰብ እንደሚገባው አስረድቷል። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እየታደሰ ለብዙ የአፍሪካ አገሮች ምሳሌ ሆኗል።

ኢትዮጵያም የተማረ ሰው ማጣት ምን እንደሚያስከፍል ከቀድሞ ታሪኳ ታውቀዋለች። በ1898 ዓ.ም በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ የሚተዳደረው በግብጽ ብሔራዊ ባንክ በኩል ነበር። በ1923 ዓ.ም መንግሥት ባንኩን ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ ባሰኘው ጊዜም የባንኩ ገዥ ሆኖ የተቀመጠው የውጭ አገር ሰው ነበር። ባለቤትነትን በገንዘብ በአንድ ቀን መግዛት ይቻላል፤ የሚያስተዳድረውን ሰው ለማግኘት ግን ዓመታት ያስፈልጋሉ።

ካህናት ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ለማስተዋል የተዘጋጁ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ማንም በአንድ ቀን ሊቅ አይባልም። ሕፃኑ ፊደል ይቈጥራል፣ ዳዊት ይደግማል፣ ከዚያ ወደ ዜማ ቤት ይገባል። ቅኔ የፈለገ እንደ ሆነ የላስታ ጎረቤት ወደ ሆነችው ወደ ዋድላ ወይም ወደ ሌላው የቅኔ አገር ወርዶ ቍራሽ እየለመነ ይማራል። ድጓ የዘለቀ ደቀ መዝሙርም በጋይንት ምድር ወዳለችው ወደ ቤተልሔም ሄዶ ትምህርቱን አስመስክሮ ነው መምህር የሚሆነው። በጉባኤ መካከል አንድ ቃል ቢያስት የሚያቀናው አለ፤ መታረሙንም እንደ ውርደት አይቈጥረውም። እንግዲህ ድጓ ለመምራት ይህን ያህል ዓመት ከተጠየቀ፣ የብዙ ሺህ ሰው ገንዘብ ለመምራት የአንድ ቀን ምርጫ የሚበቃው ስለ ምንድር ነው?

ሐዋርያትም ለመበለቶች በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ ምክንያት ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ ማዕዱን የሚያገለግሉ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አድርገዋል፤ በምርጫውም ደግነታቸው ብቻ ሳይሆን ጥበባቸውም እንዲታይ አዝዘዋል። የእንጀራ ዕደላ ቀላል ሥራ ነው ብለው ለተገኘው ሰው አልተዉትም። ታማኝነትና ዕውቀት ሁለት ክንፍ ናቸው፤ በአንዱ ብቻ የሚበር ወፍ የለም።

አሁን ወደ ላስታ መመለስ ያስፈልጋል። በዚህ አገር የጋራ ሀብት የሚጠበቅበት ቤት ብዙ ነው። በመጀመሪያ ደብሩ አለ። ከ1965 ዓ.ም ጀምሮ በወጣውና ከዚያም በተሻሻለው በቃለ ዐዋዲ መሠረት እያንዳንዱ አጥቢያ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከወጣቶች በሚመረጥ ሰበካ ጉባኤ ይተዳደራል፤ የአገልግሎቱም ዘመን ሦስት ዓመት ነው። በሌላ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ የሚጠብቀው ሙዳየ ምጽዋቱንና የዓመቱን አስተዋጽኦ ነው፤ በላሊበላ ግን ከዚህ በላይ ከብዙ አገር የሚመጣ ጎብኚ የሚከፍለው የመግቢያ ዋጋ፣ ለልደት በዓል ከየአውራጃው የሚጎርፈው ምእመን፣ ዋጋ የማይተመንለት ንዋየ ቅድሳትና ብዙ ካህናት ስላሉ ሸክሙ ከአንድ ታላቅ ኩባንያ ሸክም አያንስም።

ሁለተኛም የኅብረት ሥራ ማኅበራት አሉ። በ1991 ዓ.ም የወጣውን ሕግ የተካው የ2009 ዓ.ም ዐዋጅ ቍጥር 985 እነዚህ ማኅበራት በጠቅላላ ጉባኤ፣ በሥራ አመራር ኮሚቴና በቍጥጥር ኮሚቴ እንዲመሩ ያዝዛል። ማዳበሪያው፣ የተመረጠው ዘር፣ የሸቀጡ ዕቃ በእነዚህ ማኅበራት በኩል ወደ ገበሬው ይደርሳል። ሦስተኛም ቍጠባው አለ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ በአማራ ክልል ለገበሬው አነስተኛ ብድር መስጠት የጀመረው የአማራ ብድርና ቍጠባ ተቋም በ2015 ዓ.ም ገደማ ወደ ጸደይ ባንክነት ተለውጧል። ከዚህም በቀር የጎብኚ መሪዎች ማኅበር፣ የባለሆቴሎች አክሲዮን፣ በየቀበሌው ያለው ቅሬና በየደብሩ ያለው ሰንበቴ ይቈጠራል። የቅሬው ዳኛም የሰንበቴውም ሙሴ በመጠናቸው የሕዝብ አደራ ጠባቂዎች ናቸው።

በላሊበላ ይህ አደራ እንደ ምን ያለ ከባድ ነገር እንደ ሆነ ያለፉት ስድሳ ዓመታት ታሪክ ያስረዳል። ከ1958 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ሳንድሮ አንጀሊኒ የተባሉት ኢጣልያዊ ጠቢብ የመሩት የጥገና ሥራ ተሠርቷል። በ1970 ዓ.ም መጨረሻ አብያተ ክርስቲያናቱ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ። በ2000 ዓ.ም ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ታላላቅ መጠለያዎች ተተከሉ። ቈይቶም ክብደታቸው ዐለቱን እንዳይጎዳው የሚል ፍርሀት በሕዝቡ ዘንድ ስላደረ በ2011 ዓ.ም መባቻ የላሊበላ ሰው ወደ አደባባይ ወጥቶ ለቅርሱ ድረሱለት ብሎ ጮኸ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ወደ ላሊበላ መጥተው ርዳታ ለመስጠት ቃል ገቡ፤ ከዚያም ወዲህ በፈረንሳይ ድጋፍ ጥናት ተካሂዷል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ምንድር ነው? ገንዘቡም ጥበቡም ከሩቅ ሊመጣ ይችላል፤ አደራው ግን ከደጁ አይነሣም። አንድ መጠለያ ከመተከሉ በፊት ዕድሜው ስንት ነው፣ በየዓመቱ የሚያየው ማን ነው፣ ሲያረጅ የሚያነሣው ማን ነው፣ ለማንሻውስ ገንዘቡ ከየት ይመጣል ብሎ መጠየቅ የምህንድስና ዕውቀት አያስፈልገውም፤ የአስተዳደር ትምህርት ያስፈልገዋል እንጂ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በጊዜው ጠይቆ መልሱንም በቃለ ጉባኤ አስፍሮ ለተከታዩ ተመራጭ የሚያስረክብ ጉባኤ ያለው ደብር ባለቤት ነው፤ የሌለው ግን በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ይሆናል።

ስለ ዕቃም እንዲሁ ነው። አፍሮ አይገባ የተባለው የቤተ መድኃኔ ዓለም የወርቅ መስቀል በ1989 ዓ.ም ተሰርቆ ወደ ባሕር ማዶ ከሄደ በኋላ በ1993 ዓ.ም ወደ ስፍራው ተመልሷል። ይህ መስቀል ዝነኛ ስለ ሆነ ባለቤቱ የት እንደ ሆነ ዓለም ሁሉ ያውቃል። በስም ያልታወቀ፣ ቍጥር ያልተሰጠው፣ በሥዕል ያልተነሣ ብራና ወይም ጽና የጠፋ እንደ ሆነ ግን የማን መሆኑን ማን ይመሰክርለታል? መዝገብ የጸሐፊ ሥራ ብቻ መስሎ ይታያል፤ በክርክር ቀን ግን ከዘበኛ ይልቅ የሚጠብቅ እርሱ ነው። የቀድሞ አባቶች የርስቱን ጕልትና የዕቃውን ቍጥር በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ከነምስክሮቹ ስም ያጽፉ የነበረው ይህን ስላወቁ ነው።

በ2012 ዓ.ም ወረርሽኝ፣ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ጦርነት ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ አንሥቶም በክልሉ ግጭት ተነሣ። የጎብኚው እግር በተቋረጠ ጊዜ ሆቴሉ፣ የጎብኚ መሪው፣ በቅሎ አከራዩ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ሁሉ አንድ ላይ ተጎዱ። እንዲህ ያለ አገር ሲጠገን ገንዘብ ከብዙ ወገን ይመጣል። ገንዘብ የሚሰጠው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሒሳባችሁን ማን ይመረምረዋል፣ ቦርዳችሁስ ማን ነው ብሎ ነው። መልስ ያለው ማኅበር ይቀበላል፤ መልስ የሌለው ግን ችግሩ ከማንም የበለጠ ቢሆን እንኳ ይታለፋል፤ ወይም ደግሞ የተቀበለው ርዳታ ሳይታወቅ ይባክንበታል። ስለዚህ የአስተዳደር ሥልጠና ለላስታ የምቾት ነገር አይደለም፤ የጥገናው የመጀመሪያ መሠረት ነው።

በዚህ ነገር ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ መስማትም ይገባል። አንደኛው ሥልጠና የሚባለው ነገር ገንዘብ ማባከኛ ሆኗል የሚል ነው። ይህ ያለ ምክንያት የተነገረ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ሥልጠና ማለት በሩቅ ከተማ ሆቴል ሦስት ቀን ተቀምጦ፣ አበል ተቀብሎ፣ የምስክር ወረቀት ይዞ መመለስ ሆኖ ታይቷል። የሚላከውም ብዙ ጊዜ ሊቀ መንበሩ ነው፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ጸሐፊ፣ ደረሰኝ የሚቈርጠው ገንዘብ ያዥና ሒሳቡን የሚያገላብጠው የቍጥጥር አባል ግን እዚያው ይቀራሉ። ነገር ግን ዘሩ በድንጋይ ላይ ስለ ወደቀ እርሻ ይቅር አይባልም፤ በመልካም መሬት ይዘራ ይባላል እንጂ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሽማግሎቻችን ሳይማሩ ቅሬውንም ሰንበቴውንም አስተዳድረዋል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን በቅሬ የሚሰበሰበው ሁሉ እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ መዋጮውም በሁሉ ፊት ይቈጠራል። የኩባንያና የባንክ ባለቤት ግን ገንዘቡ ሲቈጠር ቆሞ አያይም። ዐይን የማይደርስበትን ነገር መዝገብ ይደርስበታል፤ መዝገብም ካልተማሩት አይነበብም።

ሦስተኛው ነገር ተቃውሞ ሳይሆን በልብ ውስጥ የተደበቀ ልማድ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚለው አነጋገር ከቤት ወደ ቤት ሲነገር የኖረ ነው። ይህን ሰምቶ ያደገ ሰው የተመረጠበትን ወንበር እንደ አደራ ሳይሆን እንደ ተራ ሊያየው ይችላል። ትምህርቱ የሒሳብ ብቻ ከሆነ ይህን ልማድ አይነቅለውም፤ ሹመት ማለት የሌላውን ሰው ገንዘብ ተሸክሞ መንገድ መሄድ መሆኑን አስቀድሞ ማሳመን ያስፈልጋል።

እንግዲህ ትምህርቱ ምን ይሁን ቢባል አምስት ነገር ይበቃዋል። ፊተኛው የሥራ ድንበር ነው፤ ጉባኤው፣ ቦርዱና ሥራ አስኪያጁ የሚለያዩበትን ማወቅ። ሁለተኛው ሒሳብ ማንበብ ነው፤ ገቢና ወጪ ብቻ ሳይሆን ዕዳንና ሀብትን ለይቶ ማየት፤ ትርፍ ታየ የተባለው ማኅበር በሣጥኑ ገንዘብ የሌለው ስለ ምን እንደ ሆነ መረዳት። ሦስተኛው ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው፤ የተወሰነውን ብቻ ሳይሆን የተቃወመውን ሰው ስምና ምክንያቱን ጭምር መጻፍ። አራተኛው ስለሚመጣ አደጋ ማሰብ ነው፤ ጎብኚ ቢቀር፣ ዝናም ቢጠፋ፣ ብድር ባይመለስ ማኅበሩ ስንት ወር ሊቆም እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት።

አምስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ እርሱም ዝምድናና ጥቅም የሚጋጩበት ነገር ነው። ለምሳሌ አንድ የገበሬዎች ማኅበር እህል ለማመላለስ መኪና ቢከራይና ዋጋ ካቀረቡት ሁለት ነጋዴዎች አንዱ የሊቀ መንበሩ አማች ቢሆን ምን ይደረግ? ላስታ ሰው ሁሉ በጋብቻ፣ በክርስትና ልጅነትና በማኅበር የተሳሰረበት አገር ነው፤ ዘመድ ያለው ሁሉ ከወንበር ይውረድ ቢባል የሚቀር ሰው አይገኝም። ስለዚህ መፍትሔው ዘመድን መካድ አይደለም። ሊቀ መንበሩ ሰውዬው አማቼ ነው ብሎ በጉባኤው ፊት ይናገር፤ ያ ነገር ሲመከርበት ከቤቱ ይውጣ፤ መናገሩና መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። የቀሩት አባላት የአማቹ ዋጋ ይሻላል ብለው ቢወስኑ እንኳ ማንም አያማቸውም። ዘመድ መሆን ነውር አይደለም፤ ነውሩ መደበቁ ነው።

ከዚሁ ጋራ የሚሄድ ሌላ ነገር ይሉኝታ ነው። የሰበካ ጉባኤ አባል የሆነ ምእመን የደብሩ አስተዳዳሪ የነፍስ አባቱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወጣቱ ተመራጭም ከአያቱ እኩያ ጋራ ይቀመጣል። ይህ ደረሰኝ የት አለ ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቈጠርብኛል ብሎ ዝም ይላል፤ ዝምታውም ቈይቶ ሽማግሌውን ራሳቸውን ለሐሜት ይዳርጋቸዋል። ሥልጠናው ይህን ሊያቀናው የሚችለው ጥያቄን የሥርዓት ነገር በማድረግ ነው። በየስብሰባው የሒሳብ ጥያቄ የሚቀርብበት ሰዓት አስቀድሞ ከተወሰነ፣ አባሉም ሁሉ በተራው እንዲጠይቅ ደንብ ከሆነ፣ ጥያቄው ከሰው መውጣቱ ቀርቶ ከደንብ የመጣ ይሆናል። ያን ጊዜ ተጠያቂው አይከፋም፤ ጠያቂውም አያፍርም። ሒሳብ መጠየቅ ክብር መንሣት ሳይሆን ክብርን ከሐሜት መጠበቅ መሆኑን ሁሉም ይረዳል።

ትምህርቱ የሚሰጥበት ስፍራና ጊዜም ሊታሰብበት ይገባል። ለገበሬውና ለካህኑ ተብሎ የሚሰጥ ትምህርት እዚያው በላሊበላና በየወረዳው ከተማ፣ አዝመራ ከተሰበሰበና የልደትና የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ ቢሆን ይሻላል። አንድ ጊዜ ብዙ ቀን ከማስቀመጥ ይልቅ በየወሩ ጥቂት ቀን እያስተማሩ በመካከሉ በየማኅበሩ ሥራውን እንዲለማመዱት ማድረግ ይጠቅማል። አስተማሪም አይታጣም፤ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በ1987 ዓ.ም የተመሠረተው የሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በሱሉልታም የአመራር አካዳሚ አለ። የምስክር ወረቀቱም ለመገኘት ብቻ የሚሰጥ አይሁን። ጸሐፊው የያዘውን ቃለ ጉባኤ፣ ገንዘብ ያዡ የዘጋውን የወር ሒሳብ፣ የቍጥጥር አባሉ ያገኘውን ስሕተት አምጥቶ እንደ ድጓ ተማሪ ያስመስክር።

ይህ ሁሉ ቢደረግም ትምህርት ብቻውን ሰውን ታማኝ አያደርግም። ሒሳብ ዐዋቂ የሆነ ሌባ ከማያውቀው ሌባ ይልቅ ያስቸግራል። ስለዚህ ሥልጠናው ከሦስት ነገሮች ጋራ ካልተጋባ መካን ነው፤ እነርሱም በየዓመቱ ከውጭ በሚመጣ መርማሪ የሚታይ ሒሳብ፣ ዘመኑ ሲያልቅ በሰላም የሚለቀቅ ወንበርና ለአባላቱ ሁሉ በሚገባቸው ቋንቋ የሚነበብ ዓመታዊ መግለጫ ናቸው። ወንበሩን የሚለቀውም ሰው መዝገቡን፣ ማኅተሙንና ቍልፉን በፊርማ ቢያስረክብ፣ አዲሱ ተመራጭ ያለፈውን ሰው በመወንጀል ሥራውን አይጀምርም።

ሹማምንት በዚህ ረገድ የሚጠበቅባቸው ለሥልጠና ገንዘብ መመደብ ብቻ ሳይሆን ያልሠለጠነ ኮሚቴ ታላቅ ገንዘብ እንዳይረከብ ማድረግ ነው። ካህናትም የሚጠበቅባቸው አደራ የሥጋ ብቻ ሳይሆን የነፍስም ጉዳይ መሆኑን በዐውደ ምሕረት ማስተማርና የራሳቸውን ደብር መዝገብ ለምርመራ ከሁሉ አስቀድመው መክፈት ነው። ምእመኑ የደብሩ ሒሳብ በግልጥ ሲነበብ ካየ የማኅበሩንና የኩባንያውንም ሒሳብ እንዲሁ መጠየቅ ይለምዳል።

የላስታ ጠቢባን የፈለፈሉት ቤት ይህን ያህል ዘመን የቆመው መሮ ከመነሣቱ በፊት ልክ ስለ ተለካ ነው። የጋራ ሀብት ጠባቂ ሆኖ የሚመረጥ ሰውም ብዕሩን በውል ላይ ከማሳረፉ በፊት ልኩን ይማር።